የሁለት ሰከንድ ግብ

እናቱ የሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ የሆስፒታሉን ድረ ገጽ በስልኳ ነካች፤ ገጹ እስኪከፈት የምታስጠብቀው ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች። ገጹን የማፍጠን ሥራ የተሰጠው አጠገቧ ለተቀመጠው ልጇ ነበር። የዓመቱ ግቡ «ገጹ በሁለት ሰከንድ ይከፈት» የሚል ነበር፤ አሳክቶትም ትናንት በመሥሪያ ቤቱ ተጨብጭቦለታል። እናቱም ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች።

ምልክቷ አሁንም ትዞራለች። አብራቸው የተቀመጠችው ጎረቤታቸው አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «እትዬ፣ የእናንተ ቤት ሰከንድ ረዘም ይላል ልበል?» አለች።

እናቱ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። «ተይ እባክሽ፤ የልጄ ሥራማ ፈጣን ነው። ይሄ ስልክ ነው እንደኔ ያረጀው።»

ልጁ ቀና ማለት አቃተው። ለራሱ አዲስ ስልክ ሲገዛ ይህን አሮጌውን የሰጣት እሱ ነበር። ግቡ አልሳካ ሲለው፣ «አሮጌ ስልኮች አይቆጠሩም» የሚል መስመር በግቡ መለኪያ ላይ የጨመረውም እሱው ነበር።