ያላለቀሰው ልጅ

ያፌት ትምህርት ቤት ሲሄድ ለቅሶው ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ዛሬ ግን እናቱ ለማባበል ጊዜ የላትም። የፋብሪካው ሰርቪስ አንድ ቀን ጥሏት ከሄደ እንደምትባረር አለቃዋ ነግሯታል።

መብራት ጠፍቷል። ማታ አልጋው ላይ ሁለት ልጆች አስተኝታለች፤ አንዱ እናቱ የሌሊት ተረኛ ስትሆን እዚህ የሚያድረው የጎረቤት ልጅ ሙሴ ነው። የያፌት እናትም ሁልጊዜ ከዳር የሚተኛውን ልጇን በዳበሳ አነሳችው። ፊቱን አበሰችው፤ ዩኒፎርሙን አለበሰችው፤ ብርዱን ፈርታ ባለኮፍያ ሹራብ ደረበችለትና አዝላው ሮጠች። ትንፍሽ አላለም።

«ተመስገን! አደግህልኝ፣ የኔ ጌታ!» አለችው በመንገድ ላይ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን እየከፈቱ፣ «ምነው፣ አምቡላንሱ ዛሬ ዝም አለ?» አሏት።

«ዛሬማ ጨዋ ሆኖልኛል፣ ጋሼ!»

አወረደችውና ልትስመው ኮፍያውን ገለጥ አደረገች። ሙሴ ጥርሱን ብልጭ አደረገላት። ከአስፋልቱ ማዶ ሰርቪሱ ጥሩንባውን ነፋ።

«ውይ፣ በሞትኩት! ያፌትስ?»

«አልጋ ሥር ነው፣ እትዬ። ‹ለዛሬ አንተ ተማርልኝ› ብሎኛል።»