የሃሲንቶ ፒክአፕ

ጉዋም ላይ የዱር ወፍ ቀረ ማለት ይከብዳል፤ በመርከብ ገብቶ የተራባው እባብ ጠራርጎ በልቶታል። ጎረቤቷ ደሴት ሮታ ግን ገና ወፎቿ አሉ። እባብ እንዳይገባ እየፈተሹ እነሱን የሚጠብቁላት የወደቡ ፈታሽ ፌርሚንና ውሻው ቦኒታ ናቸው።

የፌርሚን እናት እማማ ኢንግራሲያ ጉዋም ሆስፒታል ሲሞቱ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አደራህን፣ ዋኔዎቼን!» አሉት። ግቢያቸው ባለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ላይ የሚያድሩትን ወፎች ማለታቸው ነው።

አስከሬናቸውን ወደ ሮታ ያመጣው ጀልባ የአክስቱን ልጅ የሃሲንቶን አሮጌ ፒክአፕም ጭኖ መጣ። ፌርሚን እንባውን እየጠረገ እዚያው ወደቡ ላይ ፒክአፑን አስፈታው። ወንበሩ ወጣ፣ ጎማው ወለቀ።

«ኧረ በእናትህ ቀብር ቀን እንኳ ተወኝ!» አለ ሃሲንቶ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ! አሁን የምትጠረጥረው መኪናዬን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

ቦኒታ ፒክአፑን ዞረችና ትታው ሄደች። ሬሳ ሳጥኑ ፊት ስትደርስ ጸጥ ብላ ቁጭ አለች። ቡችላ ሳለች ወተት እያጠጡ ያሳደጓት እማማ ነበሩ።

«አይ እህቴን! ውሻ እንኳ አዘነላት!» ብላ አክስቱ እሪ አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ተላቀሰ። አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጡ፤ «ውሻ ሬሳ አጠገብ ምን ይሠራል? ነውር ነው፣ አንሷት!»

ቦኒታ ቀና ብላ የፌርሚንን ኪስ አየች።

«ዛሬ ሥጋ የለም፣ ልጄ» አላትና አቅፏት ተንሰቀሰቀ።

እማማ ተቀበሩ። ሳጥኑ ላይ የነበረውን ወፍራም የቅጠል ጉንጉን ሴቶቹ አፈር አላለበሱትም። የጉዋም ዘመዶች ጎንጉነው በረንዳቸው ላይ ያሳደሩት ነውና አሳዝኗቸው፣ ወደ ቤት አምጥተው የዳቦ ፍሬው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ለሟች ዘጠኝ ቀን የሚደገመው የመቁጠሪያ ጸሎትም ተጀመረ።

ጸሎቱ በሚያልቅበት ጠዋት ፌርሚን ዋኔዎቹን ቢያዳምጥ ድምፅ የለም። ጎጇቸው ውስጥ እንቁላልም ጫጩትም የለም። ቦኒታን አስከትሎ እንደ እብድ ወደ ሃሲንቶ ቤት ሮጠ።

«እባቡን በመኪናህ ነው ያመጣኸው! እናቴን ሁለቴ ገደልካት!»

«ወይ ጉድ! እኔን ካላመንክ ውሻህን ጠይቃት!»

ጠየቃት። ቦኒታ ፒክአፑን ዞረችና እንደ መጀመሪያው ትታው ሄደች። ፌርሚን ተከተላት፤ ወደ እማማ ግቢ ገባች። ዛፉ ሥር፣ ከደረቀው ጉንጉን በታች፣ ጸጥ ብላ ቁጭ አለች። ቀና ብላም ኪሱን አየች።

ያቺን ሥጋ ፌርሚን የሚሰጣት እባብ አግኝታ ቁጭ ስትል ብቻ ነበር።