እንቅልፋሟ ሳጥን

ጎርፉ ጎደል ሲል አዴ ፋዱማ ከደቻቱ ወንዝ ዳር የተበጠሰ የፍየል ገመድ አንስታ ጭቃውን በመዳፏ ትጨምቅ ጀመር። ፍየሎቿን ውሃ ወስዷቸዋል። ሂሻም አጠገቧ ቆሞ ገመዱን ላለማየት አንገቱን ደፋ። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ሳለ፣ «ፍየሎችሽን እዚሁ እሰሪያቸው፤ ውሃ ከመጣ ደወሉ ይነግርሻል» ያላት እሱ ነበር። ደወሉን ግድግዳዋ ላይ የሰቀለላትም እሱ ነው።

ደወሉን የምታስጮኸው ሂሻም ወንዙ ከሚመጣበት ተራራ ላይ የተከላት፣ መዳፍ የማትሞላ ሳጥን ናት። የውሃውን ከፍታ እየለካች፣ በትንሽ ባትሪ ያን ሁሉ ርቀት በሬዲዮ ትልካለች። በክረምት በየደቂቃው እንድትልክ ታዞ ነበር። እሱ ግን ባትሪ ለመቀየር ያንን ዳገት ደጋግሞ መውጣት ታክቶት፣ በሰዓት አንዴ ብቻ ነቅታ፣ ልካ፣ መልሳ እንድትተኛ አደረጋት። ጎርፉ በእንቅልፏ መሀል አለፈ።

«አዴ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«አቦ ተወው፣ አንተ ምን ታደርግ!» አለችው። «ደወልህማ ጮኾ ነበር፣ ወላሂ! ይሄ ደንቆሮ ጆሮዬ ነው ጉድ ያደረገኝ።» በገመዱ ጫፍ ጆሮዋን መታ መታ አደረገችው።

ይሄኔ ከቤቷ በኩል ደወሉ ጮኸ። አዴ ፋዱማ ከሱ ቀድማ ሰማችው።

«ሌላ ጎርፍ መጣ! ና ውጣ፣ አንተ ልጅ!»

ገመዱን ጥላ ክንዱን አፈፍ አደረገችና ወደ ላይ ጎተተችው። ሂሻም ሳጥኗ ገና አሁን መንቃቷን፣ ደወሉም የሚያወራው ስላለፈው ጎርፍ መሆኑን እያወቀ ተከተላት።