የእማማ ኦግዶ የልጅ ልጅ

በዚያ ጥር የያኩትስክ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ስልሳ ሁለት ገባ። የሰው ጥላ መሬት ላይ ተጣብቆ እየቀረ፣ ባለቤቱ ያለ ጥላ ቤቱ ይገባ ነበር። በዚህ ብርድ ነው አንድ ሰው በስስ ጫማና በብረት መነጽር ከደቡብ መጥቶ የእማማ ኦግዶን በር ያንኳኳው።

“አይታል ነኝ፣ የጠፋሁት የልጅ ልጃቸው። በሬዲዮ ሲያፈላልጉኝ ሰምቼ ነው።”

በሩን የከፈተው ጢማም ከእግር እስከ ራሱ አየው። “አይታልማ እኔ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ።”

እማማ ኦግዶ ዓይናቸው አያይም። ማስታወቂያውን የጻፈችላቸው ጎረቤታቸው ማያ ናት፤ በሦስት ዓመቱ ወደ ደቡብ የተወሰደው ልጅ ከተገኘ ቤቱን ይወርሳል የሚል ነበር።

“በሩን ዝጉና ግቡ” አሉ ከምድጃው ጎን። “አንዳችሁ ሌባ ነው። ሌባውን ሳውቀው በውስጥ ልብሱ ነው የማስወጣው።”

በሩ አጠገብ ከተደረደሩት ሰባት ጥንድ የወንድ ቦቶች አንዱን ለአዲሱ ሰጡት። ልኩ ሆነ።

እራት ላይ አዲሱ ቂጣውን ቆርሶ ጎረሰ።

“ሰሙት እማማ? ለእሳቱ ሳይሰጥ ጎረሰ” አለ ጢማሙ፣ የራሱን የመጀመሪያ ቁራሽ ምድጃው ውስጥ እየጣለ። “የእኛ ቤት ልጅ ይህን ይረሳል?”

“በሦስት ዓመቱ የሄደ ልጅ ምን ያስታውሳል?” አለ አዲሱ። “የሚያጠራጥረውስ ያንተ ማስታወስ ነው።”

“እኔ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።”

“ለዚህ ነዋ ጢምህ ወተት ወተት የሚሸተው።”

“በቃ!” አሉ እማማ ኦግዶ። “ወሬያችሁ አይጠቅመኝም። የአይታል አባት እንጨት ሲፈልጥ የመጥረቢያው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ትፈልጣላችሁ፣ እሰማለሁ።”

ሦስት ቀን ፈለጡ። የአዲሱ መነጽር ሲወልቅ የአፍንጫውን ቆዳ ይዞ ወረደ። እማማ ኦግዶ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

“በቀጭኑ አይለይም። እስቲ ወፍራሙን ግንድ።”

ወፍራሙም አልለየም። “አባቱ አረማመድም ነበረው” አሉ በአራተኛው ቀን። “ለመጠጥ ውሃ የሚሆነውን በረዶ ከወንዙ እየጎተታችሁ ስትመጡ ልስማ።”

ቤት የሚያክል በረዶ ጎተቱ።

“ጎትት አንተ ሌባ” ይላል ጢማሙ ከኋላ።

“አንተ ልብስ ማውለቅ ተለማመድ” ይላል አዲሱ ከፊት።

አዲሱ ማታ ማታ እግሩን እያሸ በሩን ያያል። ተመለስ ቢባል የት ይደርሳል? ጢማሙም ያንኑ በር ያያል።

እሑድ ማያ ሻይ ልትጠጣ መጣች። ከደጅ የሁለቱ መጥረቢያ እየተፎካከረ ይሰማል። የፍልጡ ቁልል ጣሪያውን አልፎ የጭስ መውጫውን ሊጋርድ ደርሷል።

“እስከ ሚያዝያ ያደርስዎታል?” አለች ማያ።

“እስከ ሰኔ” አሉ እማማ ኦግዶ። “የዘንድሮ የልጅ ልጆቼ ከአምናዎቹ ይሻላሉ።”