የሃምሳ ሁለት ነጥብ ማካካሻ

የመጀመሪያው ቡጢ ልብስ ሰፊውን አፉ ላይ አገኘው። ሁለተኛው ሲያርፍበት በኳሶቹ መደርደሪያ ላይ ተደግፎ ነበር። ሦስተኛውን ሰንዛሪው በያጁ ራሱ አላስታወሰውም። የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ደም ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ እንኳ አልለየውም።

ከራሳቸው በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ውጤቱን እንዳሳየ ነው። በያጁ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ልብስ ሰፊው መቶ ሰባ ስምንት፣ ከነማካካሻው ሁለት መቶ ሠላሳ። የቦውሊንግ ሊጉ ዋንጫ ስድስት ዓመት ሙሉ ከበያጁ ቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። በዚህ እሁድ ከሰዓት ወጣ፤ ያውም በሚስቱ ወንድም፣ በልብስ ሰፊው እጅ።

«ተነስ፣ መርፌ» አለው በያጁ። ይህን ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ልብስ ሰፊው ቀጭን፣ ሲራመድም ድምፅ የማይሰማ ሰው ስለሆነ።

ማካካሻው እንዲህ ነው፤ አማካይ ውጤቱ ከሁለት መቶ በታች የሆነ ሰው ከጎደለው ላይ ዘጠና በመቶው ይጨመርለታል። ደንቡን ያወጡት የሊጉ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። መቶ በመቶ ያላደረግሁት ለጎበዙ ትንሽ ብልጫ እንዲተርፈው ነው እያሉ በየዓመቱ ያስረዳሉ። የበያጁ አማካይ ሁለት መቶ አንድ ስለሆነ አንድም ነጥብ አይጨመርለትም። እሱ ይህን እንደ ማዕረግ ነበር የሚቆጥረው። ሌሎቹ ሲታከልላቸው «ምጽዋታችሁን ተቀበሉ» እያለ በሰው ፊት ይስቅባቸዋል። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ለብቻው ይለክፈዋል፤ በቤተሰብ ግብዣ ላይ ሳይቀር።

አማካዩ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ አምስት ጨዋታዎች ነው። ልብስ ሰፊው ዓመቱን ሙሉ መቶ ሰባ ሲያመጣ ከርሞ በእነዚያ አምስት ሳምንታት መቶ አርባ ሁለት ላይ ወረደ። ወገቤን አሞኝ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ ግን ወገቡን ያመመው ሰው አይመስልም ነበር፤ አራት ጊዜ በመስመሩ ጫፍ የቆሙትን አሥሩንም ፒኖች ባንዴ ጠራረጋቸው።

በያጁ የሸሚዙን አንገት ጨምድዶ አነሳውና ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«አምስት ሳምንት ሙሉ አውቀህ ነው ስታበላሽ የከረምከው?»

ልብስ ሰፊው አፉ ውስጥ ምላሱን አዙሮ አንድ ጥርስ ተፋ። በያጁ ይክዳል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«አዎ» አለ። «ምጽዋት መባሉ ካልቀረ ጠርቀም ያለ ይሁን ብዬ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በያጁን ያሳበደው ያ ሳቅ ነው። ጉልበቱን ሆዱ ላይ ሰደደበት። ልብስ ሰፊው ተጣጥፎ ሲወድቅ ጎኑን ረገጠው፤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። ጋራዥ የሚሠራው ወፍራም ሰውዬ ከኋላ ሊያቅፈው ቢሞክር በክርኑ አፍንጫውን ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ የሚጠጋው ጠፋ።

መምህርቷ ብቻ መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ቀረቡ። በያጁ አፈጠጠባቸው። ይሄ ሰው አጭበርብሯል፣ ይሰረዝ፣ ቁጥሩ እርስዎ እጅ ላይ እያለ እንዴት ሲወርድ አላዩም አላቸው።

«አይቻለሁ» አሉ። «በሦስተኛው ሳምንት ነው የገባኝ። ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በያጁ ዞሮ ሰዎቹን አያቸው። ዳቦ ጋጋሪው፣ መንትያዎቹ ሾፌሮች፣ ጫማ የምታከራየዋ ሴት፣ አፍንጫውን ይዞ መሬት መሬት የሚያየው የጋራዡ ሰውዬ። በመምህርቷ ቃል የተገረመ አንድም ፊት አልነበረም። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ቅድም የልብስ ሰፊው የመጨረሻ ፒኖች ሲወድቁ አዳራሹ በጭብጨባ የተናጋው ለካ ለዚህ ነው።

ልብስ ሰፊው ሊነሳ ሲፍጨረጨር ቀኝ እጁ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። መቀስ የሚይዝባት፣ ልጆቹን የሚያሳድርባት እጅ ናት። በያጁ አንጓው ላይ በጫማው ቆመና ከመደርደሪያው ሰባት ኪሎውን ኳስ አነሳ። ጣቶቹን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አላስገባም፤ በሁለት መዳፉ ከደረቱ በላይ ያዘው።

«ከዛሬ ወዲያ ማካካሻው በእውነት ይገባሃል» አለው።

ሚስቱ ከወዲያኛው መስመር ስትሮጥ የመጣችውን አላያትም። ወለሉ ላይ ተንሸራታ ደረሰችና ግራ እጇን በወንድሟ እጅ ላይ ከደነች። በያጁ ያያት ኳሱን ከለቀቀው በኋላ ነው።

ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። ኳሱ ቀስ ብሎ ተንከባለለና ወንበር እግር ሥር ቆመ። ልብስ ሰፊው የራሱን እጅ ከሥር ሲያወጣ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። የእሷ አልተንቀሳቀሱም።

«እታለም» አለ ልብስ ሰፊው። «እታለም፣ እጅሽን…»

አልጮኸችም። ፊቷ አመድ መስሎ ወገቧን ከወንበሩ አስደገፈች። በያጁ አላየሁሽም፣ እግዜር ምስክሬ ነው አላየሁሽም፣ ነይ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ እያለ ተርበተበተ። የሰማችው አትመስልም። በዚህ የኪራይ ጫማ እንሸራተታለሁ፣ አውልቁልኝ አለች፤ ለማን እንደተናገረች አልታወቀም።

በያጁ ፈጥኖ ተንበረከከና ማሰሪያውን ያዘ። እግሯን ሰበሰበች።

ከዚያም እግሯን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። ልብስ ሰፊው አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከአገጩ ደም እየተንጠባጠበ፣ ባበጡ ጣቶቹ ቋጠሮውን መነካካት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቋል። በያጁ አጠገባቸው እንደተንበረከከ ነው። እህትም ወንድምም አልቸኮሉም።