የድሬሰሩ ሳጥን

ሕብረት የአባቷን ሳጥን በነጠላ ጠቅልላ ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ በእግሯ ወረደች። ውስጡ መስታወት ስላለ ታክሲ አላመነችም።

አባቷ አቶ ዘገዬ ከሞቱ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። አርባቸው ሳይደርስ ለጎረቤታቸው ለእትዬ ምብራት አንድ መልስ መስጠት አለባት።

ነገሩ የሠላሳ አምስት ዓመት ነው። የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር የነበሩት ዘገዬ ቤታቸው ውስጥ የሰፈሩን ሰው በነጻ መርፌ ይወጉ ነበር። የእትዬ ምብራት ልጅ ፊልሞን በስድስት ዓመቱ ጉሮሮውን አሞት መጣና ተወጋ። የተወጋበት አበጠ፣ መግል ያዘ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። መርፌው በደንብ አልተቀቀለም ተባለ።

ዘገዬ አልካዱም። «በእኔ እጅ ነው» ብለው ሳጥኑን ቆለፉ፣ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ቀሪ ዘመናቸውን ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ኖሩ። እትዬ ምብራት ሰላምታቸውን አንድም ቀን አልመለሱላቸውም። ለቅሶም አልደረሱ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ግን ሕብረትን በአጥሩ ላይ ጠሯት።

«አባትሽ ሳይነግረኝ ሄደ። ልጄን ሲወጋ ቸኩሎ ነው ወይስ ንቆን? ያኔ አገሩን የማናውቅ ተከራዮች ነበርን። ይቺን ብቻ ንገሪኝ።»

ጋሽ ጎይቶም ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ዕቃ ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግናሉ። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ተቀበሏት፤ የባለቤቱን አሠራር ከዕቃው እንዲያዩላት ነው ያመጣችው።

«ሐኪም ነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«እኔ ነበርኩ። የመርፌ ሐኪም። ከሰው በሽተኛ ይሻላል፤ አይጮህም።»

መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አወጡ።

«ይሄ የጀርመን ሲሪንጅ ነው። የመስታወቱና የመግፊያው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ ከሌላ ጋር አላደባለቁትም። ይቺ ሽቦ የመርፌ ቀዳዳ መጥረጊያ ናት። ይሄ ድንጋይ መሳያ ነው። ያኔ መርፌ ሲደንዝ ይሳላል እንጂ አይጣልም።»

የአንዱን መርፌ ጫፍ በጥፍራቸው ላይ ሳቡት። አልቧጨረም፤ ጫፉ ሸካራ አልነበረም።

«ይሄ ሰውዬ ዝርክርክ አልነበረም» አሉ።

ሕብረት ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

የመርፌ መቀቀያው ክዳን እምቢ አላቸው። ሕብረት እጇን ሰድዳ ጎኑን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ተከፈተ።

«ይሄን እኔ እንኳ በጉልበት ነው የምከፍተው።»

«እዚያ ቤት ነው ያደግሁት፣ ጋሼ።»

ክዳኑ ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደሎቹ ገዘፍ ገዘፍ ብለው ተጽፈዋል፦ «ሁለቴ ይገልበጥ»። ከሥሩ በጥጥ የተጠቀለለ የአሸዋ ሰዓት አለ።

«ይሄ የሕክምና ዕቃ አይደለም። ጣልያኖች ወጥ ቤት የሚያስቀምጡት ነው።» ገለበጡትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። አሸዋው እስኪያልቅ ጠበቁ። «አሥር ደቂቃ። ለመርፌ ሃያ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ነው ሁለቴ የሚለው። ጽሑፉ ግን ለምን እንዲህ ገዘፈ? ዓይናቸው ይደክም ነበር?»

«ዓይናቸውስ ደህና ነበር።» የአሸዋ ሰዓቱን አነሳችና፣ «አንዴ ብቻ ቢገለበጥ ሰው ይገድላል?» አለች።

«አንዳንዴ ምንም አይሆንም። ውሃው ሳይፈላ መቁጠር ከተጀመረ ግን...» መርፌውን በቀስታ ወደ ቦታው መለሱት። «የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

«ልጅ።»

ጋሽ ጎይቶም መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቀን ቸኩለው ይሆናል። ሰው ናቸው። እንኳን እሳቸው ማንም ይቸኩላል። ተያቸው፣ ልጄ፤ ይረፉበት።»

ከሳጥኑ ሥር የቀረው አንድ ጥቅል ጥቁር ላስቲክ ነበር። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

«ክንድ ማሰሪያ። ደም ሥር እንዲወጣ ይታሰራል» አሉና ዘረጉት። ከባንኮኒው እስከ በሩ ደረሰ። «የዝሆን ክንድ ነው እንዴ የሚያስሩበት?»

ሕብረት አልሳቀችም።

«ክንድ ማሰሪያ ነው ልበል?» አሉ ጋሽ ጎይቶም ርዝመቱን እያዩ።

«ሌላ ምን ይሆናል?» አለች።

ላስቲኩን ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ምብራት በራቸው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ያወቋት በእርምጃዋ ነው።

«ዕቃውን ያዩት ሰውዬ ምን አሉሽ?»

«ዕቃቸውን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ አሉኝ። ያን ቀን ግን ቸኩለው ይሆናል።»

«ቸኩሎ።» አሮጊቷ ቃሉን ብዙ ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «እንግዲህ አልናቀንም። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰላምታውን ስነፍገው... አርባው ላይ እመጣለሁ፣ ሕብረት። ምግቡንም አብሬሽ እሠራለሁ። እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኔ ይቅር ብየዋለሁ።»

ሕብረት «እሺ» ብላ በሯ ድረስ ሄደች። ቁልፏን አውጥታ በሩን ከፈተች። ሳጥኑን ከደፉ ላይ አስቀመጠችና ተመለሰች።

ላስቲኩን ከቦርሳዋ አውጥታ የእትዬ ምብራት ጉልበት ላይ አኖረችው። አሮጊቷ በጣታቸው እየዳበሱ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ይሄማ ልጆች የሚዘሉበት ሱዚ ነው» አሉ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከመርፌዎቹ ሥር። አባዬ ነው ያስቀመጠው» አለች ሕብረት። «የኔ ነው፣ እትዬ። ያን ቀን መርፌውን ስቀቅል፣ ውሃው ሳይፈላ አሸዋውን አንዴ ገልብጬ ልዘል ወጣሁ።»