ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ

የሚዜዎቹ ቀሚስ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም መሆኑ ዛሬ ከምሳ በኋላ በይፋ ተነግሮኛል። ተናጋሪዋ የሙሽራዋ አክስት ናቸው፤ ይህን ለመናገር ከወንበራቸው ተነስተዋል።

«ከአንድ ጣቃ ነው ያስቆረጥኩት፤ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ። ካሜራችሁ ነው ያበላሸው።»

«ሊሆን ይችላል» እላለሁ። ካሜራውን የያዘው ባልደረባዬ ስለሌለ መስማማት ቀላል ነው።

የሠርጉን ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒውተሬ ግን ሌላ ይላል። ሙሽራዋን ከቤት ያወጡት ሚዜዎች ሰማያዊ ለብሰዋል፤ አዳራሹ በር ላይ ቆመው የተቀበሏት ደግሞ አረንጓዴ። ነገ የሙሽራው ቤተሰብ ቪዲዮውን ሊያይ ይመጣል። ጨርቁን ግዢ ብለው ታናሽ እህታቸውን፣ አክስትየዋን፣ የላኩት የሙሽራዋ እናት ግድግዳዬን ያያሉ። ግድግዳዬ ላይ ምንም የለም።

«እኔ ምንም አልወጣኝም» ይላሉ እናትየዋ።

«ዝም ማለትሽ ነው የሚያናግረኝ፣ እትዬ። አማቾቿ ነገ ‹ጨርቅ አልቆባቸው ነው› ቢሉ በማን ሊሳበብ ነው?»

«አልቆ ነበር እንዴ?»

«እንደሱ ወጣኝ?»

«እኔማ ያን ቀን ምን አይቼ! ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር።»

ሙሽራዋ መሃላቸው ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። «እኔም ፊቴን ቬሎው ሸፍኖኝ አንዱንም አላየሁ። በቃ ከለሩን ኮፒ አድርግልንና እንገላገል፣ ወንድሜ።»

የአንዱን የአዳራሽ በር ክሊፕ ከለር ቀሚሱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ እለውጠዋለሁ። ከዚያ ከለሩን ኮፒ አድርጌ እዚያው በር ላይ የተቀረጹት ክሊፖች ላይ ሁሉ እለጥፈዋለሁ። አረንጓዴዎቹ ሚዜዎች አንድ በአንድ ሰማያዊ ይሆናሉ። ሙሽራውም አብሯቸው ሰማያዊ ይሆናል።

«ውይ! ይሄ ልጅ በርዶት ነበር እንዴ?» ይላሉ እናትየዋ።

«ፈርቶ ነው» ትላለች ሙሽራዋ ቀና ሳትል። «ያን ቀን እንደዚያ ነበር።»

የሙሽራውን ፊት ለብቻው መርጬ ደም እመልስበታለሁ። አክስትየዋ እጃቸውን ያጨበጭባሉ።

«አላልኩም? ካሜራው ነው!»

«ካሜራው ነው» ይላሉ እናትየዋ።

«ካሜራው ነው» ትላለች ሙሽራዋ።

«ካሜራው ነው» እላለሁ እኔም። ባልደረባዬ ይቅር ይበለኝ።

በዚህ ሁሉ ስምምነት መሃል ቪዲዮው መሄዱን አላቆመም። ቀጣዩ ክሊፕ ይገባል። ሚዜዎቹ ፎቶ ሊነሱ አንድ ላይ ተሰልፈዋል፦ በግራ ሰማያዊ፣ በቀኝ አረንጓዴ፤ መሃላቸው ድንበር የተሰመረ ይመስላል። እጄ ማውዙ ላይ ይቀራል። አንድ ክሊፕ ውስጥ ከየት ወደ የት ኮፒ ይደረጋል?

አክስትየዋ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከግራ በኩል እየሮጡ ሲገቡ ይታያሉ። አንዷን አረንጓዴ በክንዷ ጎትተው ሁለት ሰማያዊዎች መሃል ያቆሟታል። ወዲያው ከቀኝ በኩል ሌላ እጅ ይመጣና አንዷን ሰማያዊ ወደ አረንጓዴዎቹ ይገፋል። እናትየዋ ናቸው። እህትማማቾቹ አንድ ቃል አይነጋገሩም፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ሰማያዊ እያሰባጠሩ ከሁለት ጫፍ መጥተው መሃል ላይ ይገናኛሉ።

«አሁን ታስቦበት የተደረገ ይመስላል!» ይላል ከቪዲዮው ውስጥ አንድ ድምፅ።

ካሜራው ወደ ድምፁ ይዞራል። ሙሽራዋ የፊቷን ቬሎ ወደ አናቷ ገልባ፣ አበባዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።